በሰቆጣ አልጋ ቤት

ዛሬ አብረን ወደ ሰቆጣ እንጓዛለን።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ናት። የምትገኘው በአማራ ክልል ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ተራራ ነው። ከተራራው ሲወርዱ የተከዜ ቆላ ይገኛል። የአገሩ ሰው ኽምጣንጋም አማርኛም ይናገራል።

አገሩን የማያውቅ ሰው ካርታ አይቶ ይሳሳታል። በካርታው ላይ ሰቆጣ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች። "እንግዲያው አገሩ ሙቀት ነው" ብሎ ስስ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥለዋል። ማታ ግን ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። ደጋ ነዋ! በደጋ አገር መንገደኛ ሲመሽበት መጀመሪያ የሚፈልገው ቤት ነው፤ ቀጥሎም ብርድ ልብስ።

የምንነጋገረውም ስለዚህ ነገር ነው። እንግዳ ስለሚያድርበት ቤት እንነጋገራለን። አልጋ ማከራየት ቀላል ሥራ ይመስላል። አልጋ ይዘረጋል፤ ገንዘብ ይቀበሏል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

መንገዱ

ባለፈው ጥር ከላሊበላ ተነሣን። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፉ ናቸው። እዚያ ብዙ ሆቴል አለ። የውጭ አገር ሰውም ይመጣል። ከላሊበላ በብልባላ በኩል ወደ ሰሜን ሲሄዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሆቴሉ እያነሰ ይሄዳል። መንገዱ ይወጣል፤ ይወርዳል። አንዱን ሸለቆ ጨረስን ስንል ሌላው ይመጣል። በየዳገቱ ፍየል ይታያል። በየደጁ ቀፎ ተሰቅሏል። የዋግ ማር በአገር የታወቀ ነው።

ሰቆጣ የደረስነው ሲመሽ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሹፌሩ መኪናውን ከአንድ የቆርቆሮ በር ፊት አቆመ። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። "አልጋ አለ" ይላል። አንዲት እናት ባትሪ ይዘው ወጡ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል።

"ቤት ለእንግዳ! ግቡ ልጆቼ፤ ብርድ ነው" አሉን።

ሰፈርተኛው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። እኛም እማማ አልናቸው።

ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ። "መታወቂያችሁን" አሉ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ ዘረጉ። መነጽራቸውን አደረጉ። የኔን መታወቂያ ወደ ባትሪው አስጠግተው ፊደል በፊደል አነበቡ። ስም፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የአልጋ ቁጥር፣ ቀን። ሁሉንም በገዛ እጃቸው ጻፉ። ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት። አንድም ነገር አልዘለሉም።

የድሮው ልማድ

በድሮ ዘመን መንገደኛ መታወቂያ አይጠየቅም ነበር። ገንዘብም አይከፍልም። ሲመሽበት ከአንድ ቤት ደጃፍ ይቆማል። "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" ይላል። ባለቤቱም "ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ" ይላል። እግሩን ያጥቡታል። ካለው ይቀርብለታል። ለበቅሎውም ድርቆሽ ይሰጣል።

ሰቆጣ ጥንትም የእንግዳ አገር ናት። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች። ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ ናቸው። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ከዚህም ሌላ ሰቆጣ ትልቅ የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው ከአፋር ረባዳ ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ ይወጣል። አሞሌ ያን ጊዜ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። የሲራራ ነጋዴ ጨው ይዞ ይመጣል፤ እህልና ማር ገዝቶ ይመለሳል። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ሰፍሮ ያድራል። አንዳንዱ ዘመድ ቤት ይገባል።

በዚያ ዘመን ለእንግዳ መኝታና እህል መሸጥ ነውር ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እቴጌ ጣይቱ ከመቶ ዓመት በፊት ሆቴል ሲያሠሩ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። ሰው ከፍሎ ሲበላና ከፍሎ ሲተኛ አልተለመደም።

ዛሬ መኪና ገባ። እንግዳው በዛ። በአንድ ከተማ በየሌሊቱ ብዙ ሰው ያድራል። ይህን ሁሉ ሰው በነጻ ማሳደር የሚችል ቤት የለም። ስለዚህ አልጋ ቤት መጣ። ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንግዳን እያከበሩ ገንዘብ መቀበል ይቻላል? ይህን ጥያቄ ለእማማ አቀረብኩላቸው። "ሦስት ቀን ትቆያለህ አይደል? ዓይተህ ራስህ ትመልሰዋለህ" አሉኝ።

ማን ያድራል?

እማማ ሥራውን የጀመሩት በጠላ ነው። ባላቸው ሞተውባቸው ልጆች ያሳድጉ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ጠላ ሊጠጣ ገብቶ "መኝታስ የለም?" አላቸው። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁለት። እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ከዚያ ሁለት የጠፍር አልጋ ገዙ። ቀስ እያሉ ስድስት አደረሱ።

የውጭ አገር ሰው እዚህ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ከከተማው አጠገብ ያለውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሊያይ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ከድንጋይ የተፈለፈለ ነው። እዚያ የጥንት ሰዎች አስከሬን ሳይፈርስ ተቀምጧል።

ቤቱን የሚያቆመው ግን ያገር ሰው ነው። ሹፌር ያድራል። ማርና ፍየል የሚገዛ ነጋዴ ያድራል። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከሐይቁ ዓሣ የሚያመላልስ ነጋዴ አለ። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው። መምህርና የጤና ሠራተኛም ያድራል። ለስብሰባ የሚመጣም አለ። የሰቆጣ ስም በ2007 ዓ.ም. በአገር ሁሉ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥት የሰቆጣን ቃል ኪዳን አወጀ። ቃል ኪዳኑ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ የሚል ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ለተጎዳ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም እንግዳ አለ። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል። ከሩቅ ወረዳ በሽተኛ ይመጣል። አስታማሚው ማደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ እንግዳ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ውሃ

በማግስቱ ዶሮ ሲጮህ የጀሪካን ኳኳታ ቀሰቀሰኝ። ወጣሁ። እማማና አንዲት ረዳት ልጅ ጀሪካን ደርድረዋል። የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም። ሲመጣ ይጠራቀማል። ሳይመጣ ሲቀር በአህያ ይገዛል።

"ልጄ፣ አልጋ ቤት ማለት ውሃ ማለት ነው" አሉኝ። "አልጋውን አንድ ጊዜ ትገዛዋለህ። ውሃውን በየቀኑ ነው።"

ከዚያ ቆጠሩልኝ። ስድስቱ አልጋ ሲሞላ ለእያንዳንዱ እንግዳ መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ያስፈልጋል። ይህ 6 ነው። አንሶላና የትራስ ጨርቅ ለማጠብ 4። ለወጥ ቤት 2። ለሽንት ቤትና ለወለል 2። በድምሩ 14 ጀሪካን ይሆናል። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። 14 ጊዜ 20 ስንል 280 ሊትር ነው። ይህ ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

በዋግ ዝናብ የሚጥለው በክረምት ነው። እሱም አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ እማማ የጣሪያቸውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ያስገባሉ። አንሶላ የታጠበበት ውሃ አይደፋም። ወለል ይታጠብበታል። ቀጥሎ ሽንት ቤት ይገባል። የሚጠጣው ውሃ ግን ለብቻው ነው። ይፈላል፤ ይቀዘቅዛል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል።

ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው። ክዳን አለው። በሩ አጠገብ ውሃና ሳሙና ተቀምጧል። ጎረቤት የጉድጓድ ውሃ ስላለ ጉድጓዱን ከ30 ሜትር በላይ አርቀው አስቆፈሩት። ቅርብ ቢሆን ቆሻሻው ሰርጎ ውሃውን ያበላሸዋል።

አንሶላና ትኋን

እንግዳ ከሄደ በኋላ አልጋው ይገለበጣል። አንሶላው ይነሣል። አንድ እንግዳ የተኛበት አንሶላ ላይ ሌላ ሰው አይተኛም። ይህ የእማማ ሕግ ነው።

የአልጋ ቤት ጠላት ትኋን ነው። ትኋን በእንግዳ ሻንጣና ልብስ ይመጣል። በአልጋው ስንጥቅና በፍራሹ ስፌት ውስጥ ይደበቃል። ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጣል። አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። እማማ አንሶላውን በፈላ ውሃ ይዘፈዝፋሉ። ሙቀት ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተው ይመቱታል። የአልጋውን ስንጥቅ የፈላ ውሃ ያጠጡታል። የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ ይደፍናሉ።

"አንድ እንግዳ ትኋን ነከሰኝ ብሎ ከሄደ ለአሥር ሰው ይናገራል" አሉ። "በደንብ የተኛው ግን ለአንድ ሰው ቢናገር ነው።"

የማንደጃው ነገር

በዚያው ማታ አንድ ነጋዴ መጣ። ከቆላ ስለወጣ ብርዱ አልተስማማውም። "እማማ፣ ማንደጃ አስገቡልኝ። ፍሙን ይዤ ልተኛ" አለ።

"አይሆንም" አሉት።

"እከፍላለሁ እኮ!"

"ብትከፍልም አይሆንም። ሁለት ብርድ ልብስ እጨምርልሃለሁ። ውሃም አሙቄ በጠርሙስ እሰጥሃለሁ፤ እግርህ ሥር አድርገው። ከሰል ግን ከደጅ አያልፍም።"

ነጋዴው አኮረፈ። እሳቸው ግን አልተበገሩም። ምክንያት አላቸው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ መርዘኛ አየር ያወጣል። ያ አየር ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። የተኛ ሰው አይነቃበትም። ራሱን ያዞረዋል፤ ያደክመዋል፤ ከዚያ ሳይነቃ ይሞታል። ፍሙ ጢስ ባይኖረውም ይገድላል። በአገራችን በብርድ ወራት ስንት ቤተሰብ በዚህ አልቋል! አንባቢ ሆይ፣ ይህን ለጎረቤትህም ንገር። ማንደጃ ይዘህ በር ዘግተህ አትተኛ።

የተለቀለቀው ግድግዳ

በሁለተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ስለ መዝገቡ ጠየቅኋቸው። ሳቁ።

"እኔ ድሮ መዝገቤ ግድግዳ ነበር" አሉ።

ፊደል አያውቁም ነበር። ብዙ እንግዳ በዱቤ ያድራል። ደንበኛ ሹፌር "ስመለስ" ይላል። ነጋዴ "ማሩ ሲሸጥ" ይላል። እማማ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። ለአንድ ሌሊት አንድ መስመር። ለሹፌሩ ክብ፣ ለነጋዴው መስቀል። ግድግዳው በምልክት ተሞላ።

በ2005 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ደረሰ። እማማ ገበያ ወጡ። ልጃቸው እናቷን ልታስደስት ፈለገች። ኖራ በጥብጣ ቤቱን ሁሉ ለቀለቀች። ወጥ ቤቱን ሳይቀር! እማማ ሲመለሱ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። የስንት ወር ዱቤ በአንድ ከሰዓት ጠፋ።

"ልቆጣ አልኩ። ልጅቷ ፊቷ በኖራ ተለውሶ ትስቃለች። ምን ልበላት? ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ የኔ አለማንበብ ነው።"

ለባለዕዳዎቹ ተናገሩ። ግማሹ አምኖ ከፈለ። ግማሹ "አልቀረብኝም" አለ። ምን ማስረጃ አላቸው? በዚያ ዓመት ሦስት ፍራሽ ሸጠው ዕዳቸውን ከፈሉ። ቤቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

በዚያው ዓመት ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገቡ። 46 ዓመታቸው ነበር። አስተማሪያቸው ከልጃቸው ታንሳለች። መጀመሪያ አፍረው ነበር። ከዚያ እናታቸው ትዝ አሏቸው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናታቸው ማታ ማታ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። እማማ ያኔ ልጅ ናቸው። ኩራዙን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ።

"ለናቴ መብራት ይዤ እኔ በጨለማ ቀረሁ" አሉኝ። "እንግዲህ ተራዬ ነው ብዬ ገባሁ።"

መጀመሪያ የጻፉት ስማቸውን ነው። ሁለተኛ የጻፉት "አልጋ አለ" የሚለውን ነው። በሩ ላይ ያየነው እሱ ነው።

ሂሳቡ

አሁን ሁለት ደብተር አላቸው። አንዱ የእንግዳ መዝገብ ነው። ሌላው የገቢና የወጪ ነው። የሁለተኛውን አሠራር አሳዩኝ። ለመማሪያ ያህል አንድ ሌሊት እንውሰድ።

አራት እንግዳ አደረ እንበል። የአንዱ አልጋ ዋጋ 200 ብር ይሁን። 4 ጊዜ 200 ማለት 800 ብር ነው። ይህ ገቢ ነው።

ወጪውን እንጻፍ። ውሃ 10 ጀሪካን በ10 ብር 100 ብር። ሳሙናና በረኪና 40 ብር። የረዳት ልጅ የቀን ዋጋ 150 ብር። ቡናና መብራት 30 ብር። ድምር 320 ብር። ከ800 ላይ 320 ሲቀነስ 480 ይቀራል።

"480 አተረፍኩ" ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ይሳሳታል። አንሶላ ያረጃል፤ ፍራሽ ይጎደጉዳል። ለምትክ 80 ብር ይቀመጥ። ለግብር 60 ብር ይቀመጥ። ቀሪው 340 ብር ነው። እንግዳ በማይመጣበት ቀን የሚበላውም ከዚህ ነው።

አሁን ዱቤውን እንይ። ከአራቱ እንግዶች ሁለቱ በዱቤ ቢያድሩ በእጅ የገባው 400 ብር ብቻ ነው። ወጪው ግን ያው 320 ነው። ውሃ ሻጩ ዱቤ አያውቅም። በእጅ የሚቀረው 80 ብር ይሆናል። የምትክና የግብሩ ሲነሣ ቀሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቤቱ ሙሉ መስሎ ባዶ ነው። እማማ ይህን ያወቁት ሲጽፉት ነው። ግድግዳው ላይ አይታይም ነበር።

አሁን ዱቤ የሚሰጡት ለሚያውቁት ሰው ነው። ባለዕዳው በስሙ አንጻር ይፈርማል። ማንም አልተቀየማቸውም። የተጻፈ ዕዳ አያጣላም።

ክፉ ቀን

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ገባ። እንግዳ ቀነሰ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ። እማማ ከልጆቻቸው ጋር ገጠር ዘመድ ቤት ሄዱ። ምን ይዘው ወጡ? አንድ ከረጢት በሶ፣ ጋቢና ሁለቱን ደብተሮች።

ሲመለሱ ቤቱ ቆሟል። አልጋ የለም፤ ፍራሽ የለም፤ ጀሪካን እንኳ የለም። ምድር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ደብተሩን ገለጡ። የገዙት ዕቃ ሁሉ ከነዋጋው ተጽፏል። የጠፋውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ዱቤ የቀረባቸውን ሰዎች ስምም አገኙ። አንድ ሹፌር ስሙን ሲያነቡለት ወዲያው ከፈለ። አንዱ ግማሹን ሰጠ። አንዱ በሕይወት አልነበረም። ስሙን በአንድ መስመር ሰረዙት።

በተገኘው ገንዘብ ሁለት አልጋ ገዙ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በፕሪቶሪያ ተፈረመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ የለም። መንገድ ሲከፈት ይመጣል። እማማ ግን ስድስቱን አልጋ መልሰው ሞልተዋል።

የጎረቤት ምሳሌ

ብቻውን ቤት መክፈት ለማይችል ሰው ሌላ መንገድም አለ። ከዋግ በስተደቡብ፣ ከላስታም ወዲያ፣ መቄት ወረዳ አለ። እዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበሬዎች በማኅበር የእንግዳ ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ተስፋ የሚባል ድርጅት ረዳቸው። መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ጎጆው የሚሠራው ባገሩ ድንጋይና ሣር ነው። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል። ዕቃውን አህያ ይጭናል። ምግቡን ያገሩ ሰው ያበስላል። ሥራው በተራ ነው። ገቢው የማኅበሩ ነው። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሂሳብ ይሰማል። እዚያም ቢሆን ነገሩ የሚቆመው በንጽሕናና በተጻፈ ሂሳብ ነው።

ሰባተኛው ፍራሽ

በሦስተኛው ማታ በር ተንኳኳ። አንድ ሰው ቆሟል። እግሩ አቧራ ለብሷል። ከዝቋላ ወረዳ ልጁን ይዞ መጥቷል። ልጁ ሆስፒታል ተኝቷል። እናትየዋ አጠገቡ ናት። ለእሱ ግን ማደሪያ የለውም። ገንዘቡ ለመኪናና ለመድኃኒት አልቋል።

"እናቴ፣ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" አለ።

እማማ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ" አሉት።

ውሃ አሞቁለት። እንጀራ በሽሮ አቀረቡለት። ከጓዳ አንድ ፍራሽ አወጡ። ይህ ሰባተኛው ፍራሽ ነው። አይከራይም። ከዚያ እንደ ሁላችንም መታወቂያውን ጠየቁት። ስሙን ጻፉ። የአልጋ ቁጥር በሚለው ላይ 7 ጻፉ። ሂሳብ በሚለው ላይ 0 ጻፉ።

ሰውየው ከተኛ በኋላ "በነጻ ለሚያድር ለምን ይጻፋል?" አልኳቸው።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ። ዜሮዎቹን በጣታቸው አሳዩኝ።

"ባለፈው ዓመት 41 ሌሊት በነጻ ሰጥቻለሁ። ስለተጻፈ አውቀዋለሁ። ድሮ ሳልጽፍ ለሁሉ እሰጥ ነበር። ቤቱ ሊዘጋ ደረሰ። ቤቱ ቢዘጋ ይህን ሰው ዛሬ ማን ያሳድረው ነበር? አሁን አንድ ፍራሽ ለእግዜር አለኝ፤ ስድስቱ ይሸከሙታል። ሁለት የእግዜር እንግዳ በአንድ ሌሊት ከመጣ ጎረቤት እለምናለሁ። አንዳንድ ሌሊት ግን የለኝም ብዬ መልሻለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።"

መዝገቡን ዘጉ። "ልጄ፣ ቤቱ የእግዜር ነው። ሂሳቡ ግን የኔ ነው" አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄዬ ትዝ አለኝ። እንግዳን እያከበሩ ገንዘብ መቀበል ይቻላል ወይ ብዬ ነበር። መልሱ እዚያ መዝገብ ላይ ተጽፎ አየሁት። 200፣ 200፣ 200፣ 0።

ጠዋት ስንነሣ ሰውየው ወደ ሆስፒታል ሄዷል። ፍራሹን ራሱ አጥፎ፣ ደጁን ጠርጎ ነው የሄደው። እማማ ጀሪካን እየደረደሩ ነበር።

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። ውድ አንባቢ፣ አንተም አንቺም ፊደል ቆጥራችኋል። አልጋ ቤት ባይኖራችሁም ወፍጮ፣ ቀፎ፣ ፍየል ወይም እርሻ አላችሁ። አንድ ደብተር ግዙ። ገቢውን በአንድ በኩል፣ ወጪውን በሌላ በኩል ጻፉ። የሰጣችሁትንም ጻፉ።

እንወያይ

1. እማማ ማንደጃ የከለከሉት ለምንድን ነው? በእናንተ ቤት በብርድ ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ?

2. ሦስት እንግዳ በ200 ብር ቢያድሩና ወጪው 320 ብር ቢሆን ቀሪው ስንት ነው? ከሦስቱ አንዱ በዱቤ ቢያድርስ በእጅ ስንት ይቀራል?

3. እማማ በነጻ ያደረውን እንግዳ በመዝገብ መጻፋቸው ትክክል ነው ትላላችሁ? ለምን?